አይዞሽ አትበሉኝ

ሲምረት በቡድኑ ውስጥ የምትሠራው ሥራ መጀመሪያ ስም አልነበረውም። ፋኑኤል አለቃ ነው። ራሕዋ በር ሰብራ የምትገባ ናት። ታዲዎስና አረጋዊ ከኋላዋ ተከትለው የተረፈውን ያጸዳሉ። የሲምረት ሥራ ግን ከአራቱ ተነጥሎ ለብቻ መዞር ነበርና፣ የላንቻ ጌም ቤት ልጆች ምን ብለው እንደሚጠሩት ግራ ገብቷቸው ከረሙ። በመጨረሻ «ጓሮ» አሉት። ስሙ ከሥራው ወደ ሠራተኛዋ ለመተላለፍ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። «ጓሮ የት ደረሰች?» «ጓሮ እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ?» ማለት ተለመደ።

ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው። አጥቂው ቡድን ቦምብ ይዞ ይመጣና ከሁለት ቦታ በአንዱ፣ ወደቡ ላይ ወይም መጋዘኑ ውስጥ፣ ያጠምደዋል። እስኪፈነዳ ከጠበቀው ዙሩን ያሸንፋል። ተከላካዩ ደግሞ እንዳይጠመድ ይዋጋል፤ ከተጠመደም ደርሶ ማክሸፍ ይችላል። የሞተ ሰው እስከሚቀጥለው ዙር ቁጭ ብሎ ጓደኞቹን ያያል። ማጥቃቱ በተራ ነው፤ መጀመሪያ አሥራ ሦስት ዙር የሞላለት ያሸንፋል።

የሲምረት ጓደኞች በአንድ በኩል እየተኮሱ ሲንጫጩ፣ እሷ በሌላው በኩል በጠባቡ መንገድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ከሮጠች ኮቴዋ ይሰማል፣ ስለዚህ አትሮጥም። ጠብቃ ጠብቃ፣ ተከላካዮቹ ወደ ጫጫታው ሲዞሩ ጀርባቸውን ለእሷ ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ትነሳለች።

ይህን ሥራ የተማረችው ባሕር ማዶ፣ ኢዝሚር የምትባል ከተማ ነው። ለትምህርት የሄደችው ገና የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርሟን እንዳወለቀች ነበር፤ እዚያ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር፣ ማይኳን ዘግታ፣ ማንንም ሳታስቸግር ስትጫወት ኖረች። አዲስ አበባ ስትመለስ ግን ለብቻ መዞርን ማስረዳት አስቸጋሪ ሆነባት። ሰው ብቻውን ምሳ ሲበላ ያየ ሁሉ «ምነው፣ ደህና አይደለህም?» ብሎ ወንበር ስቦ በሚቀመጥበት ከተማ፣ አራት ጓደኞቿ ሲሞቱ ጥጓን ይዛ ዝም የምትል ልጅ ምን ትባላለች? አንዳንዴ ራሷም ትጠይቃለች። ምናልባት ሥራው ጥበብ ሳይሆን የእሷ አመል ነው፤ ምናልባት ከሰው ጋር መሆን ያቃተው ሰው ለራሱ የሰጠው ማዕረግ ነው።

ላንቻ ላይ ግን ሠርቶላታል። ጋሼ ገብረሃና ጌም ቤታቸውን ከካዛንቺስ ወደ ላንቻ ያዛወሩት ሰፈሩ ለመንገድ ሲፈርስ ነው። ከአንድ ጋራዥ ጎን ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ በኢንተርኔት ከናይሮቢና ከካይሮ ቡድኖች ጋር ወር ሙሉ ሲለማመዱ፣ ሲምረት ከጀርባ ያላረገፈችው ሰው አልነበረም። ፋኑኤል ራሱ «አቦ፣ ይቺን ልጅ ማን ሰጠን?» ብሎ ነበር።

የማጣሪያው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ውድድሩ የተካሄደው ኦሎምፒያ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ የላይኛው ፎቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው ያሉት ኮምፒውተሮቹ ብቻ ናቸው። ተጋጣሚዎቻቸው የስታዲየም ልጆች ናቸው፤ አለቃቸው ተከስተ ይባላል፤ አፉ ከጣቱ የሚፈጥን ልጅ። ያሸነፈው ቡድን ናይሮቢ ሄዶ ይወዳደራል።

ሲምረት ገና ከመጀመሪያው ልክ ልኳን አገኘች። በወደቡ በኩል ዞራ፣ ጠብቃ፣ ልክ ስትነሳ አንድ ሰው ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ቆሟል። ሞተች። በሚቀጥለው የማጥቃት ተራ መንገዷን ቀየረች። ሁለት ሰው ጠበቃት። ሞተች። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ጓሮ ውሻ አለ፣ ተጠንቀቂ!» አለ ተከስተ ከማዶ። ተመልካቹ ሳቀ።

ስምንት ለአምስት እየተመሩ ዕረፍት ሆነ። ፋኑኤል ሄድሴቱን አውልቆ አንገቱ ላይ ጣለና ወንበሩን ወደ ሲምረት ጠጋ አደረገ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ያልሆነ ሰው ክፉ ነገር ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ጆሮውን አከከ።

«ሲሙ፣ ማለቴ… ላንቻ ላይ ይሠራ ነበር። ዛሬ አልሠራም፣ በቃ። እኛ አራት ሆነን እያለቅን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በሚቀጥለው የማጥቃት ተራ ካልሆነ፣ ጓሮ የሚባለው ነገር ይቅርና ከእኛ ጋር አብረሽ ትገቢያለሽ። እሱም ካልሆነልሽ ሄኒ ይገባል። አትቀየሚኝ።»

ሄኒ ተጠባባቂያቸው ነው። ከኋላቸው ቆሞ፣ ሄድሴቱን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ያልሰማ ለመምሰል ጣሪያውን ያያል።

ሲምረት ሄድሴቷን አወለቀች። አብራ መግባት አትችልም፤ ሞክራው ታውቃለች። ሰው መሀል ስትሮጥ እግሯ ይጠላለፋል፣ ማን ወዴት እንዳለ ይምታታባታል። ከጓሮ ከወጣች በዚህ ቡድን ውስጥ ቦታ የላትም ማለት ነው። ከዚህ ቡድን ሌላ ደግሞ ከተመለሰች ወዲህ በሙሉ ልቧ «የኔ» ያለችው ነገር የለም።

ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። በካዛንቺስ በኩል ክሬኖቹ ይታያሉ። ልጅ ሆና ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው በቀበሌ ቤቶቹ መሀል፣ በሰው ግቢ በር፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ሾልካ ነበር። ዋናውን መንገድ የያዙት ልጆች ሲደርሱ እሷ ቀድማቸው በር ላይ ቆማ ታገኛቸዋለች። አሁን ያ ሁሉ ሰፊ አስፋልት ሆኗል፤ ባለፈው የገዛ ሰፈሯ ውስጥ ራይድ ጠርታ ሹፌሩን «ወዴት ነው?» ብላ ጠይቃዋለች።

ጋሼ ገብረሃና አምቦ ውሃ ይዘውላት መጡ።

«ጠጪ ልጄ። አይዞሽ።»

«እሺ ጋሼ። እርስዎም አይጨነቁ።»

«እኔማ ምን ያስጨንቀኛል፣ ደሜ ብቻ ነው ከፍ ያለው» አሉና ሄዱ።

ከዕረፍት በኋላ መጀመሪያ ተከላከሉ፤ ተሸነፉ። ዘጠኝ ለአምስት። ከዚያ የማጥቃት ተራቸው መጣ።

አራቱ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ሲምረት በወደቡ በኩል ዞራ ከተደረደሩ የዓሣ ሳጥኖች ኋላ ተሸሸገች። ከዚያ በኋላ የቀራት አንድ ጥግ ብቻ ነው። መጋዘኑ ጋ ተኩስ ተጀመረ። እንደ ልማዷ በማይኩ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች።

«ልነሳ ነው።»

«አይዞሽ ሲምረት!» አለ ፋኑኤል።

ጣቷ ግን እምቢ አላት። መነሳት ነበረባት፤ አልተነሳችም። እንደገና ልሞት ነው፣ ከዚያ ሄኒ ወንበሬ ላይ ሊቀመጥ ነው ስትል እጇ ማውሱ ላይ ደረቀ። እንደ ደረቀም ኮቴ ሰማች። ሁለት ሰው ከመጋዘኑ በኩል እየሮጠ ወደ እሷ ይመጣል።

ገና አልተንቀሳቀሰችም። ድምፅ አላሰማችም። ማንም አላያትም። ታዲያ ማን ነገራቸው?

ሄድሴቷን ከአንድ ጆሮዋ ላይ ገፋ አደረገችው። አዳራሹ ገባ። የኮምፒውተሮቹ ጩኸት፣ የተመልካቹ ጉርምርምታ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፋኑኤል ድምፅ፣ ገና እንደ ደወል ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ከማዶ ጠረጴዛ ተከስተ ለጓደኞቹ «መጣች፣ መጣች፣ ያዟት» ይላል።

ሁለቱ ደርሰው ገደሏት። አላዘነችም። እንዲያውም በሕይወቷ ሞታ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሏት አያውቅም። ላንቻ ላይ ተጋጣሚዎቻቸው ድንበር ማዶ ነበሩ፤ ፋኑኤል ቢጮህ ጋራዡ ነው የሚሰማው። እዚህ ግን ተከስተ ከአፉ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል።

ዙሩ እንዳለቀ እጇን አነሳች። «ዳኛ፣ ዕረፍት።»

ለአጭር ዕረፍት አምስቱም ኮሪደሩ ላይ ወጡ፤ ሄኒም ሄድሴቱን አስተካክሎ ተከተላቸው። ፋኑኤል ፊቱ ጠቁሯል።

«ሲሙ፣ እየተነጋገርን ነበር እኮ…»

«እኔ ልነሳ ነው ስልህ ምን ትለኛለህ?»

«እኔ? ምንም አልልሽም።»

ራሕዋ ሳቀች። «እረ ባክህ! አይዞሽ ነዋ የምትላት። ሁሌ! ጎረቤት እስኪሰማ።»

«የሰማው ተከስተ ነው» አለች ሲምረት። «አይዞሽ ባልክ ቁጥር ሁለት ሰው ይልክብኛል። አሁን አልተነሳሁም፤ አንተ ስላልክ ብቻ መጡ።»

ፋኑኤል ተናደደ።

«እና አይዞሽ ማለት ወንጀል ሆነ? ሰው ብቻውን ሲሄድ እያየሁ ዝም ልበል? ኢዝሚር ምንድን ነው የሚሉት?»

«ምንም አይሉም።»

«ኤጭ፣ ምን ዓይነት አገር ነው!»

«ፋኒ፣ ስማኝ። ስዘጋጅ አትለኝም። ሳስመስልም አትለኝም። የእውነት ስነሳ ብቻ ነው ከአፍህ የሚወጣው። ከዚህ የበለጠ ለጠላት የሚሰጥ መረጃ የለም።»

«ሳላስበው ነው የሚወጣው» አለ ፋኑኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወላዲተ አምላክን፣ ሳላስበው ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ሲመለሱ የጃኬቱን ኮሌታ ነክሶ ተቀመጠ። ተከላክለው ያችን ዙር አሸነፉ። ደግሞ ማጥቃት ሆነ። ሲምረት ዞረች፣ ጠበቀች፣ «ልነሳ ነው» አለች። ፋኑኤል ኮሌታውን አጥብቆ ነከሰ። ላቡ ወረደ። «አይ…» አለና ዋጠው። ሁሉም ተነፈሱ። ከዚያ እንደ ስቅታ «…ዞሽ!» አመለጠው።

ሲምረት ሞተች። ከማዶ ተከስተ በሳቅ ጠረጴዛውን መታ።

ሄኒ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ፋኑኤል ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ሊደፋ ሲል ሲምረት ትከሻውን ያዘችው። ጆሮው ሥር ሄዳ አንሾካሾከች።

«ተወው፣ አትዋጠው። በል። ግን ሁልጊዜ በል። ለሁሉም በል። ለራሕዋ በል፣ ለሞተውም በል፣ ተነስቼም ቁጭ ብዬም በል። ሁላችሁም በሉ።»

ፋኑኤል ቀና አለ። የፊቱ ጥቁረት ቀስ ብሎ ለቀቀው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኦሎምፒያ የነበረ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ዙሩ እንደ ተጀመረ ፋኑኤል «አይዞሽ ራሕዋ!» አለ። ራሕዋ «አይዞህ ታዲ!» አለች። ታዲዎስ «አይዞህ አረጋዊ!» አረጋዊ ደግሞ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ጥቂት አሰበና «አይዞን» አለ። ሲምረት ወደብ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ «አይዞሽ ሲምረት!»፤ መጋዘን ጓሮ ስትደርስ «አይዞሽ ሲምረት!»፤ ምንም ሳይሆን «አይዞሽ ሲምረት!»

«ዳኛ!» ብሎ ጮኸ ተከስተ። «ይሄ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?»

ሁለት ሰው ወደብ ላከ፤ ሲምረት እዚያ የለችም። በሚቀጥለው ተራ ማንንም አልላከም፤ ሲምረት እዚያ ነበረች፣ ሦስቱን ከጀርባ አጨደቻቸው። ተከስተ ጓደኞቹን ይጮህባቸው ጀመር። «ዝም ብላችሁ ቁሙ!» ይላል፤ መልሶ «ሂዱ እንጂ!» ይላል። አንዱ ልጁ፣ ፀሃዬ የሚባለው ቀጭን ልጅ፣ «ቆይ፣ ልቁም ወይስ ልሂድ?» ብሎ ሲጠይቀው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲምረት ጠባቡን መንገድ ይዛ ስትሄድ ዕድሜዋ አሥር ዓመት የሆነ መሰላት። ከገመዱ ሥር፣ በሰው ግቢ በር፣ ማንም ሳያያት። ወደኋላ ቀርታ አልነበረም፤ ቀድማቸው ልትደርስ ነበር።

ሄኒ ሄድሴቱን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው አየችው። ቀስ ብሎ ጠቅልሎ፣ ዚፑን ዘጋው።

አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ደረሱ። የመጨረሻው ዙር ማጥቃት የእነሱ ተራ ነበር። ጋሼ ገብረሃና ቁጭ ማለት አቅቷቸው ከአምድ ኋላ ቆመዋል።

አራቱ መጋዘኑን ሰብረው ገቡ። ራሕዋ አንድ ጣለችና ሞተች። ታዲዎስ ሞተ፣ አረጋዊ ሞተ። ፋኑኤል ቦምቡን አጥምዶ ቀና እንዳለ ተከስተ ገደለው። ሲምረት ወደቡ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ ከማዶ አራት ሰው አለ።

«ልነሳ ነው» አለች።

«አይዞሽ ሲምረት!» አለ ፋኑኤል ባለ በሌለ ድምፁ።

«ውሸቱን ነው!» አለ ተከስተ። «ማንም እንዳይዞር!»

ማንም አልዞረም። ሲምረት በጓሮ በር ገባች። የመጀመሪያው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ወደቀ። ሁለተኛው ምን እንደ ሆነ ለማየት ሲዞር ተኩሶ አቆሰላትና ወደቀ። ሦስተኛው ራሱ ተከስተ ነበር። መሣሪያውን እየቀየረ ነበር፤ አልጨረሰም። ተከስተ ከማዶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ፀሃዬ ብቻ ቀረ። የት እንዳለ አታውቅም። ቦምቡ ቲክ ቲክ ይላል። እሷ ከበርሜሎች ኋላ ተንበርክካለች፤ ቆስላለች፣ አንዲት ጥይት ትበቃታለች። እሱ መጥቶ ማክሸፍ አለበት፤ እሷ ደግሞ በትክክለኛዋ ሰዓት ብቅ ማለት አለባት። ቀድማ ብቅ ካለች አነጣጥሮ ይጠብቃታል።

ማክሸፍ ሲጀመር ስል የሆነ ድምፅ አለው። ሰማችው። አልተነሳችም። ድምፁ ወዲያው ተቋረጠ፤ እያስመሰለ ነበር፣ እንድትወጣለት። ድምፁ እንደገና ተጀመረ። የእውነት ነው? ወይስ ደግሞ ሊያታልላት ነው? ካመነችው ትሞታለች፤ ካላመነችውም ቦምቡ ይከሽፋል። የቆየው ጥርጣሬዋ ሁሉ በዚያች ጣቷ ጫፍ ላይ ተሰበሰበ።

ያን ጊዜ ከማዶ ጠረጴዛ አንድ ድምፅ መጣ። ሞቶ፣ ጓደኛው ብቻውን ሲታገል ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ድምፅ። አንጀቱ አልችል ያለው ሰው ድምፅ።

«አይዞህ ፀሃዬ!» አለ ተከስተ።

ለሚያስመስል ሰው ማንም አይዞህ አይልም። ሲምረት ተነሳች። ፀሃዬ ቦምቡ ላይ አጎንብሶ ነበር። አንድ ጊዜ ተኮሰች።

ከዚያ ምን እንደ ተባለ አልሰማችም፤ ወንበሯ ከነእሷ ተነስቷል። ራሕዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች ወይም ትስቃለች። አረጋዊ፣ ዝምተኛው፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ሄኒ ከማንም በላይ እየዘለለ ነው። ጋሼ ገብረሃና «ደሜ! ደሜ!» እያሉ ዕልል ይላሉ፤ ወንድ ዕልል ሲል ያየ ይሳቅባቸው፣ ግድ አልሰጣቸውም።

ተከስተ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። እጇን ጨብጦ ትከሻውን ከትከሻዋ ጋር አጋጨ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት አይደል? ፀሃዬን።»

«አንተ ነህ።»

«ምላሴን ልቆርጠው ነው ዛሬ።»

«እረ አትቁረጠው» አለ ፋኑኤል። «ናይሮቢ እስክንሄድ መለማመጃ እንፈልጋለን።»

«ሙድ ያዝ አሁን» አለ ተከስተ እየሳቀ፣ ፀሃዬንም አቅፎ ወሰደው።

ውጭ ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የላንቻ ታክሲ ረዳት ይጣራል። ራሕዋ ጥብስ ጥብስ ትላለች፤ ታዲዎስ ከየት ቤት አስመጥተው ጌም ቤቱ እንደሚበሉት ከአረጋዊ ጋር ይከራከራል። ሲምረት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እናንተ ቅደሙ። እኔ በካዛንቺስ በእግሬ ዞሬ እመጣለሁ።»

«ካዛንቺስ? ምን ልታደርጊ?» አለች ራሕዋ። «ያለው አስፋልት ነው።»

«አስፋልቱም ጥግ አያጣም። ልየው።»

ፋኑኤል አፉን ከፈተ፣ ከዚያ መንገዱን ግራና ቀኝ አየና ዘጋው።

«በል እንጂ» አለችው። «ተከስተ ሄዷል።»

«አልልም! ጨረስኩ!»

ሲምረት ሳቀች፣ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ጥጉ ጋ ልትታጠፍ ስትል ከኋላዋ አራት ድምፅ በአንድ ላይ «አይዞሽ!» ብሎ ጮኸ። ጫማ የሚያስጠርጉ ሰዎች ሁሉ ቀና አሉ፤ ረዳቱም ማን እንደ ሆነች ለማየት ጥሪውን አቋረጠ። አልዞረችም። እጇን ብቻ ወደ ላይ አነሳች፣ ጥጉንም ታጠፈች፤ ጥብሱ ሳይቀርብ በላንቻው ጌም ቤት የኋላ በር ልትደርስባቸው አስባለች።